እንዳታስተካክለው

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በእህቴ በሚልካ ኩማ የጽሕፈት መኪና ላይ አንድ ወረቀት ነበር። አራት መስመር ተጽፎበታል። የመጀመሪያው መስመር አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከእሱ ይሰፋል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛው ከሁሉም። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ግጥሙን ያዘዘቻት ሞሚና ናት፤ ከሚልካ ጽሕፈት ቤት ጎን ሻይ ቤት አላት። ለልጇ የሠርግ ካርድ ነው የፈለገችው። ምን ቅርጽ እንደሚኖረው ሚልካ አልነገረቻትም፤ «ሲያልቅ ታዪዋለሽ» ነው ያለቻት። ሞሚና ጃንጥላ ነው ትላለች። ለእኔ ጣሪያ ይመስለኛል፤ ግን ክንፍም፣ ደወልም፣ የቡና ዛፍም ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ ግጥም በግማሽ ቢቀር የቀረው ምን እንደሚመስል ይገመታል፤ መስመሩም ያው፣ ቤት አመታቱም ያው ነው። የቅርጽ ግጥም ግን እስኪያልቅ ድረስ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ወረቀቱን ከመኪናው አውጥቼ ማኅደር ውስጥ ሳስገባ ሽፋኑ ላይ «ቅርጹ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም፣ በዞን መሥሪያ ቤት የምሠራውም የሰነድ አያያዝ ነው፤ ያልታወቀውን ያልታወቀ ብሎ መጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። የሞሚና ልጅ ከአዲስ አበባ በመጣ ካርድ ተዳረች።

ሚልካ የተወለደችው መቻራ ነው። አባታችን ኩማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የመቻራን ቡና ጭኖ በገለምሶ፣ በበዴሳና በቁኒ አድርጎ ጭሮ ያደርሳል። ሚልካ ለትምህርት ስትደርስ ቤት የሠራው ጭሮ ነው፤ እሱ ግን ከተማዋን እስከ መጨረሻው አሰበ ተፈሪ እያለ ነበር የሚጠራት። ቤቱ ዳገት ላይ ስለሆነ ከበረንዳው ለሚያይ ከቁኒ የሚወርደው መንገድ ፊት ለፊት ነው። ሲመሽ የመኪናው መብራት ከተራራው ላይ ብቅ ይላል። እናታችን «መጣ» ትልና ወጡን ለማሞቅ ትነሣለች። መብራቱ ይታጠፍና ይጠፋል። እንደገና ብቅ ይላል፣ እንደገና ይጠፋል። ሚልካ በረንዳው ላይ ቆማ «መጣ፤ ጠፋ፤ መጣ፤ ጠፋ» እያለች ወሬ ታቀብላለች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውሰውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ የጽሕፈት መኪና ተማረች። ጥቂት ዓመት መንግሥት ቤት በጸሐፊነት ሠርታ፣ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ በራሷ መጻፍ ጀመረች። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ደንብ። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይነግራታል፣ እሷ በአማርኛ ትጽፋለች፤ አንዳንዴም በተቃራኒው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ኮምፒዩተር ገዛች፤ መኪናዋን ግን አልሸጠችም።

የመጀመሪያው የቅርጽ ጽሑፏ ከብልሽት የመጣ ነው። የመስመር መነሻውን የሚይዘው ብረት ላልቶ ኖሮ እያንዳንዱ መስመር ካለፈው ትንሽ ወደ ውስጥ እየገባ ሄደ። አቤቱታው ሲያልቅ ከግራ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል። ባለጉዳዩ፣ አንድ የቦኬ ገበሬ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየው።

«እኔ የነገርኩሽ ስለ ማሳዬ ነው» አለ። «አንቺ ቁልቁለቱንም ጻፍሽው?»

እውነትም ክርክሩ ቁልቁለት ላይ ስላለ ማሳ ነበር። ሌላ ጻፈችለትና ያንን ለራሷ አስቀረችው። ብረቱን ካሠራች በኋላም፣ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ሰዓቶች፣ ቃላትን እየገፋችና እየሳበች ማሳ፣ መሰላል፣ ፋኖስ ትሠራ ጀመር። በኮምፒዩተር አይሆንላትም ነበር። ኮምፒዩተሩ ለጠባብ ፊደል ጠባብ፣ ለሰፊ ፊደል ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በመኪናው ግን «ት»ም «ጨ»ም የሚይዙት እኩል ቦታ ነው፤ ጠርዙ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ቃል ሲያጥርባት ረዘም ያለ ዘመዱን ትፈልጋለች፤ ሲረዝምባት ታሳጥራለች። አንዳንዴ አንድ ቃል ፍለጋ ሳምንት ትከርማለች። ስንገናኝ ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ፣ «ሦስት ፊደል ያለው፣ መዘግየት ማለት የሆነ ቃል ስጠኝ» ትለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለክረምት ስመጣ ስለዚህ ዓይነት ግጥም ያገኘሁትን ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጌ አመጣሁላት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ግሪኮች በእንቁላል፣ በክንፍና በመጥረቢያ ቅርጽ ግጥም ይጽፉ ነበር። የዐረብ ጸሐፍት ቃሉን እያጠፉ ወፍና ጀልባ አውጥተውበታል። በአገራችን የክታብ ጸሐፊዎች ጸሎቱን በመስቀልና በዓይን ሥዕል ዙሪያ ያስኬዱታል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ፈረንጆች ፊደሎቹን እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች አውርደዋቸዋል።

ሚልካ እንቁላሉ ላይ ቆየች። የእንቁላሉ ግጥም የሚነበበው መጀመሪያ ከላይ ያለው መስመር፣ ቀጥሎ ከታች ያለው፣ እንደዚያ እየተፈራረቀ መሐል ላይ እስኪያልቅ ነው።

«አንባቢው ይህን ማን ይነግረዋል?» አለች።

«ምናልባት ገጣሚው ራሱ።»

«ገጣሚው ሲሞትስ?»

ቅጂዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደተላለፉ ማስረዳት ጀመርኩ፤ አልሰማችኝም። የመጥረቢያው ግጥም በእውነተኛ መጥረቢያ ላይ ሊቀረጽ የተጻፈ ነው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ ሳነብላት ግን ቀና አለች። «ብረት ላይ? ማን ቀረጸላቸው?» ወረቀቱ ላይ የቀራጩ ስም አልነበረም።

አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል በፋኖስ ቅርጽ ግጥም ጻፈች። መጽሔቱን የሚያዘጋጀው ኢዛና የሚባል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ትጉህ ሰው። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ ግጥሙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ሆኗል።

«መስመሩ ሁሉ ተዛብቶ ነበር እኮ» አላት ደስ ብሎት። «አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። አስተካክዬልሻለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለችው።

ይህን የነገረኝ ራሱ ኢዛና ነው። ግጥሙ ፋኖስ እንደነበር የሰማው ከቀብሯ በኋላ ነው። መጽሔቱ የታደለበት እሑድ ብዙ ሰው እየመጣ ግጥምሽ ግሩም ነው አላት። እሷም ለሁሉም አመሰገነች። ቤቷ ገብታ ምሳዋን አልበላችም።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠችም። በስልክ ለእኔ ስትልክ እንኳን ስክሪኑ መስመሩን ይሰብረዋል። «ስልኩም አስተካከለው» ብላ ከሥሩ ትጽፍልኛለች።

አባታችን በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሞተ። እናታችን ቀድማለች። ሚልካ ስላላገባች ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እኛ ቤት ትመጣና፣ ምሳ በልታ፣ ልጆቹን አጫውታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትነሣለች። ባለቤቴ ሰርካ «ምን ያስቸኩልሻል? ማን አለሽ እዚያ?» ብላ ትቆጣለች። «ልሂድ፣ ሳይመሽ» ነው መልሷ። ቤት ገብታ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። አሁን መኪናው በዝቷል፤ ከቁኒ በኩል መብራቱ ተከታትሎ ይወርዳል፣ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የአባታችንን ሐውልት ግጥም የጻፈችው እዚያ ነው።

ከመቻራ ተነሥተህ
            ቡናው ጀርባህ ላይ ተኝቶ
                        ገደሉን በግራ ትተህ
            መብራትህ ታየን ስንል
ታጥፈህ ጠፋህ
            መብራትህ ታየን ስንል
                        ገደሉን በቀኝ ይዘህ
            መጣ ደረሰ ስንል
ታጥፈህ

ከላይ እስከ ታች ሲታይ መንገዱ ነው። ሚልካ ይህ ግጥም ከነመታጠፊያው በአባታችን መቃብር ላይ እንዲቆም ፈለገች። በዕድሜዋ አጥብቃ ስትፈልግ ያየሁት ሌላ ነገር የለም።

መጀመሪያ የሄድነው ከተማ ውስጥ ወደታወቀ አንድ ሐውልት ሠሪ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ክፉ አላደረገም። በሳምንቱ ተመልሰን ስንሄድ ግጥሙን ድንጋዩ ላይ በጠመኔ ነድፎ ጠበቀን። መስመሮቹ በሙሉ መሐል ለመሐል ተሰልፈዋል።

«መሐል ላይ አድርጌ አስተካክዬልሻለሁ» አለ። «አንድ ቃልም ጎድሎ ነበር፤ ሞልቼዋለሁ።»

የመጨረሻው መስመር «ታጥፈህ ቀረህ» ሆኗል።

«አልጎደለም» አለች ሚልካ።

«ታጥፈህ ተብሎ አይቆምም እኮ፣ እቴ። ታጥፈህ ምን? ሰው ይጠይቃል።»

«ይጠይቅ።»

«መቃብር ላይ ቆሞ?»

«እኔ ቀረ አላልኩም» አለች። «ታጠፈ ነው ያልኩት። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አላየሁትም።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ ወንድምነቴን ተጠቅሜ አንድ ነገር እንድል የፈለገ ይመስለኛል። በሰዋስው ከሄድን እሱ ልክ ነው። «ታጥፈህ» ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል፤ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። ሚልካም ይህን ታውቃለች፤ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው አቤቱታ ስትቋጭ የኖረች ናት። ጠመኔውን በመዳፏ ጠረገችውና ሄድን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል መቃብሩ በሲሚንቶ ብቻ ተደፍኖ ቆየ። ዘመድ ሁሉ «ኩማን ያህል ሰው ያለ ሐውልት?» እያለ ያማን ጀመር። እኔም ቀጥ ተደርጎ ይጻፍና ይብቃ ማለት ዳድቶኝ ነበር። ሚልካ ግን መቃብሩን ልታጸዳ ትሄዳለች፣ ሳሩን ትነቅላለች፣ ትመለሳለች፤ ስለ ግጥሙ አታነሣም።

አብዱልቃዲርን ያገኘችላት ሞሚና ናት፤ አጎቷ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሂርና መንገድ ላይ ግቢ አለው፤ የመሠረት ድንጋይ፣ የደጃፍ ድንጋይ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባል። ከሚልካ ጋር አብሬ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጦም አቅንቶም አየው።

«ኦቦሌቲ» አላት፤ በኦሮምኛ እህቴ ማለቱ ነው። «እውነቱን ልንገርሽ። ሳባ ፊደል አላነብም። እኔ ቁቤ ነው፣ ትንሽ ደግሞ ቁርኣን።»

«ምንም አያነቡም፣ ኦቦ አብዱልቃዲር?»

«ምንም። ዋላሂ። የኔን ስም ጽፈሽ ብታሳዪኝ የሰው ነው ብዬ እመልስልሻለሁ።»

ሚልካ ሳቀች። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

«ታዲያ እንዴት ይጠርቡታል?»

«እንዳለ ነዋ። ምን ላድርግ? የቱ መጀመሪያ፣ የቱ መጨረሻ እንደሆነ አላውቅ። ወረቀትሽ የሄደበት እሄዳለሁ።» ወረቀቱን ክንዱን ዘርግቶ ያዘውና ዓይኑን አጠበበ። «ይሄ ግን መንገድ ነው አይደል? የመቻራ።»

«ነው» አለች ሚልካ።

«የሹፌር ኩማ ልጅ ናት አላለችኝም ሞሚና? ልጅ ሆኜ ስንቴ ቡናው ላይ ተቀምጬ መጥቻለሁ። ይሄን መንገድ ሆዴ ያውቀዋል። እዚህጋ» ጣቱን አምስተኛው መስመር ላይ አኖረ፣ «እዚህጋ ነው የሚያስመልሰኝ።»

ከዚያ እንደገና አሰብ አደረገና፣ «ግን ኩማ የኛ ሰው አይደለ? ለምን በሳባ?» አላት።

«የኔ መኪና ሌላ አታውቅም።»

«የሱም መኪና ከመቻራ ሌላ አታውቅም ነበር» አለ አብዱልቃዲር። ስምምነቱ በዚህ አለቀ።

ወረቀቱ ለድንጋይ ትንሽ ስለሆነ በፎቶ ኮፒ አሳደግነው፤ በአራት ትልልቅ ወረቀት ወጥቶ በፕላስተር ተያያዘ። አብዱልቃዲር ከሥሩ ካርቦን ዘርግቶ እያንዳንዱን ፊደል በሚስማር ጫፍ እየተከተለ ድንጋዩ ላይ አሳረፈው። መጥረቡ ጊዜ ወሰደ። የገና ሰሞን ጨርሻለሁ ብሎ ላከብን።

ሄደን ስናየው መስመሮቹ ልክ እንደ ወረቀቱ ወጥተው ገብተዋል። «ታጥፈህ» መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ሚልካ ከላይ ጀምራ መታጠፊያዎቹን በመዳፏ ተከትላ ወረደች። እኔ በበኩሌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ። አንዱንም አልሳተም። አንድ ነገር ግን ተጨምሯል፤ ከአምስተኛው መስመር በስተግራ፣ «ታጥፈህ ጠፋህ» ከሚለው አጠገብ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነጥብ ተጠርባለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩ።

«እኔን ትጠይቃለህ? ወረቀቱ ላይ አለች።»

እውነትም ባደገው ወረቀት ላይ አለች፤ ሚልካ በጻፈችው ላይ ግን የለችም። ነጥቧን አውቃታለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ ያለች ጭረት ናት። ከዚያ ቤት በሚወጣ ወረቀት ሁሉ ላይ ትታያለች፤ ከአራቱ ወረቀቶች የሦስቱ ነጥብ ስናያይዝ ከተቆረጠው ጠርዝ ጋር ወጥታለች። በመዝገብ ቤታችን ባሉ የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ቅጂዎች ላይ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

«ስሕተት ናት» አልኩ። «ከመስታወቱ የመጣች ናት። በሲሚንቶ ትደፈን። ያስተካክሉት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሚልካ ቀና ብላ አየችኝ።

አብዱልቃዲር መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ። «እኔ ደግሞ ምንጩ መስሎኝ» አለ። «ከቁኒ ወዲህ ያለው ምንጭ። ኩማ እዚያ ያቆም አልነበር? መኪናው ሲግል ውኃ ሊጨምር። እኛም ወርደን ሽንታችንን እንሸናለን። እሱን የጻፈች መስሎኝ ነው አሳምሬ የጠረብኳት።»

«ሁልጊዜ ያቆም ነበር?» አለች ሚልካ።

«ሁልጊዜ።»

«መብራቱንስ?»

«ያጠፋዋል። ባትሪ ይጨርሳላ።»

ሚልካ ነጥቧ ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየች። ጣቷ ልክ ገባ።

«ትቆይ» አለች።

«እትዬ፣ ቆሻሻ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ትቆይ።»

«አንቺ የጻፍሽው ላይ የለችም።»

«የጻፍኩትን አንተ ያዝ» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም። «ድንጋዩን ለኔ ተወው።»

ከመሄዳችን በፊት አብዱልቃዲርን ከድንጋዩ ጀርባ የራሱን ስም እንዲጠርብበት ጠየቀችው።

«የሙስሊም ስም በጴንጤ መቃብር ላይ?»

«ከኋላ ነው። ማንም አያይዎትም።»

«መላእክት ግራ ይጋባሉ፣ ኦቦሌቲ።»

«ይጠይቁዋ» አለች።

ጠረበው፤ በቁቤ፣ በትንሹ። ከዚያ በኋላ የቀረው ፊደሎቹን ጥቁር ቀለም መቀባትና ድንጋዩን ማቆም ብቻ ነበር። ሚልካ በእነዚያ ሳምንታት የሞሚናን ልጅ ካርድ ልትጽፍ ተቀበለች፤ ከፋኖሱ ወዲህ ለሌላ ሰው ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው። ሞሚናን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቀቻት፤ «ለማተሚያ ቤት ስትሰጪው እንዳታስተካክለው በይው።»

ጥር 20 ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ ሳለች ራሷን አመማት። ደም ግፊት ነበረባት። ሞሚና በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ እኔ ስደርስ አታውቀኝም ነበር። በዚያው ዕለት አረፈች።

አሁን የአባታችን ድንጋይ ቆሟል። ሊያነበው የሚመጣ ሰው ራሱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ነጥቧ ምንድን ናት ብለው የሚጠይቁ አሉ። የመስታወት ጭረት መሆኗንም፣ ምንጩ መሆኗንም እነግራቸዋለሁ። ሥራ ቦታ አንድ ማኅደር ስገልጥ ነጥቧ ከአንድ የማላውቀው ሰው መታወቂያ ዳር ላይ ብቅ ትላለች፤ ያን ጊዜ ማኅደሩን ዘግቼ ትንሽ እቀመጣለሁ። ከአባታችን ጎን የሚልካ መቃብር በሲሚንቶ ተደፍኖ አለ። ምን እንደሚጻፍበት አላውቅም። በቅርጽ መጻፍ አልችልም፤ ቀጥ አድርጌ መጻፍ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ያደረገችውን ከሞሚናና ከአብዱልቃዲር ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጽሕፈት ቤቷን ከፍታ ለአንዲት ሴት ማመልከቻ ጻፈች። ከዚያ ሞሚናን «ሰው ቢመጣ ትመለሳለች በይልኝ» ብላ ወጣች። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብታ አንዲት ትንሽ ጣሳ ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዛችና በባጃጅ ወደ ሂርና መንገድ ሄደች። አብዱልቃዲር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«አሁን ልቀባው?» አላት።

«ፀሐዩ ይብረድ። ድንጋዩ ግሏል።»

«ሁሉንም ጥቁር?»

«ሁሉንም።»

«ምንጯንም?»

«እሷንማ ከሁሉ በፊት።»

ሻይ ጠጪ ቢላት የጀመርኩት ነገር አለ አለችው። ጣሳውን ከድንጋዩ ሥር ጥላው ላይ አኖረች፣ ብሩሹን ክዳኑ ላይ አጋደመች። ጥቂት ራመድ ስትል ብሩሹ ተንከባሎ ወደቀ። ተመልሳ አነሣችው፤ አፈሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ በሁለት ጠጠር መሐል አስደግፋ አስቀመጠችውና ባጃጁ ወደቆመበት ሄደች።